የጢም ክኒን

ኦሊምፒያ ጓንት ሰፊ ናት። ድሮ በሰፈራችን በሳኒታ በየምድር ቤቱ ጓንት ይሰፋ ነበር፤ አሁን የቀሩት አራት ቤቶች ናቸው፣ አንዱ የእሷ ነው። በሩ በቀጥታ መንገዱ ላይ የሚከፈት አንድ ክፍል፣ አንድ የተላላጠ ጠረጴዛ፣ አንድ ትልቅ መቀስ። የግልገል ቆዳውን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ታሳድረዋለች፤ ጠዋት በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ እየሳበች ታለሰልሰዋለች። ቆዳው ወዴት እንደሚለጠጥ በአውራ ጣቷ ታውቃለች። ጠፍጣፋ የነበረው ነገር አምስት ጣት ሲያበቅል እኔ ዛሬም አፌን ከፍቼ አያለሁ። እሷ ግን በሩን እንዳልጋርድባት ብቻ ነው የምትነግረኝ።

ስትወለድ መዝገብ ላይ የሰፈረችው ወንድ ልጅ ተብላ ነው። ሰባት ዓመት ሲሆናት የአክስቷን ቀሚስ ለብሳ ዳቦ ልትገዛ ወጣች፤ ዳቦ ሻጩም ምንም ሳይል ዳቦውን ሰጣት። ወንድ ተብለው ተወልደው እንደ ሴት የሚኖሩ ሰዎች በሰፈራችን ከጥንት ጀምሮ አሉ። ፌሚኒዬሎ እንላቸዋለን፤ ቃሉም ስድብ አይደለም። እጃቸው ዕድል አለው ይባላል፤ ስለዚህ አራስ ልጅ መጀመሪያ ከቤት የወጣ ቀን እነሱ እቅፍ ውስጥ ይገባል። ኦሊምፒያ ሠላሳ ስምንት ዓመት እስኪሞላት የሰፈሩን ግማሽ ልጅ አቅፋለች ቢባል ማጋነን አይደለም። ክንዳቸው የጠነከረ ጎረምሶች በበሯ ሲያልፉ መጀመሪያ ያቀፈቻቸው እሷ እንደሆነች ታስታውሳቸዋለች፤ እነሱም ያፍራሉ።

የራሷ ልጅ ግን አልነበራትም። እንዲኖራት አስባም አታውቅ ነበር፤ ኤርሚኒያ እስክትመጣ ድረስ።

ኤርሚኒያ የከተማ አውቶቡስ የምትነዳ፣ ሰፊ ትከሻ ያላት፣ ስትስቅ መስኮት የሚያንቀጠቅጥ ሴት ናት። አንድ ክረምት ጓንት ልታሳድስ መጣች፤ ጓንቱን ረስታ ሄደች፤ ልትወስድ ስትመጣ ደግሞ መሀረቧን ረሳች። ይኸው ስድስት ዓመት አብረው ኖሩ። በስድስተኛው ዓመት አንድ ምሳ ላይ፣ ድንችና ፓስታው እየቀዘቀዘ፣ ኤርሚኒያ የማህፀን ሐኪም የነገራትን ተናገረች። ዕድሜዋ ሠላሳ ዘጠኝ ነው፤ ዕንቁላሎቿ እየቀነሱ ናቸው፤ ልጅ ከፈለገች ጊዜው አሁን ነው፣ ምናልባት አንድ ዓመት፣ ምናልባት ትንሽ ከዚያ በላይ። የሌላ ሰው ዘር እንደማትፈልግም ጨመረች። የምትፈልገው አፍንጫው የኦሊምፒያን የሚመስል ልጅ ነው።

ኦሊምፒያ ከሃያ ዓመት በታች ሆና የጀመረችውን ኤስትሮጅን፣ የሴቴውን ሆርሞን፣ ያቋረጠችበት ወር የለም። ስለዚህ መልሷ አጭር ነበር። "የኔ ዓለም፣ እኔ ዘንድ ያለው ቤት ከተዘጋ ቆየ" አለቻት።

እንዲያም ሆኖ ሆርሞኗን ለዓመታት የምትከታተልላት ዶክተር ሎፍሬዶ ዘንድ ሄዱ። ዶክተሯ የምትናገረውን በወረቀት ላይ እየሳለች ነው የምታስረዳው። ያንን ወረቀት ኦሊምፒያ በኋላ ለእኔ አሳየችኝ፤ ለቀናት ከአእምሮዬ አልወጣም። ጭንቅላት ውስጥ፣ ከዓይን ኋላ፣ አተር የምታህል ዕጢ አለች። ይህች ዕጢ ለዘር ፍሬዎቹ ሁለት ትእዛዝ ትልካለች። አንዱ የወንዴውን ሆርሞን ሥሩ ይላል፤ ሌላው ዘሩን መግቡ፣ አሳድጉ ይላል። ኤስትሮጅን በደም ውስጥ ሲበዛ ዕጢዋ ሆርሞን ሞልቷል ብላ ዝም ትላለች። ትእዛዙ ሲቀር በዘር ፍሬው ውስጥ ያሉት፣ ቢዘረጉ ከዚህ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አደባባይ የሚደርሱ ቀጫጭን ቱቦዎች ይኮማተራሉ፣ ግድግዳቸውም ይወፍራል። ዘሩ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ግማሽ ድረስ መጥቶ የሚቆም አለ፣ ከነጭራሹ የማይነሳ አለ። ነገር ግን በአብዛኛው ሰው ዘንድ ግድግዳው ሥር የተጣበቁ የመጀመሪያዎቹ ህዋሶች፣ ዶክተሯ እናቶቹ ብላ የጠራቻቸው፣ ሳይሞቱ ይቆያሉ። ሥራ የላቸውም። ትእዛዝ ይጠብቃሉ።

ይህን ያህል ዓመት ዝም ብሎ የሚጠብቅ ነገር በሥጋችን ውስጥ እንዳለ ማን ነገረን?

ኦሊምፒያ የጠየቀችው አንድ ነገር ነው። ይነቃሉ ወይ? ዶክተር ሎፍሬዶ ቃል መግባት እንደማትችል ነገረቻት። በአንዳንዱ ሰው ይነቃሉ፣ በአንዳንዱ አይነቁም፤ የዓመቱ ብዛትም፣ የመድኃኒቱ መጠንም፣ የሰውዬው ተፈጥሮም ይወስነዋል። ደግሞም የኤስትሮጅን ቅባቱን ስለተቀባች ብቻ በፍጹም አታስረግዝም ብሎ መተማመን ስህተት ነው፤ በዚያ ተማምነው የተገረሙ ሰዎች አይታለች። አንድ ዘር ከእናቱ ተነስቶ እስኪጨርስ ሰባ ቀን ገደማ ይፈጅበታል፤ ወጥቶ እስኪታይ ሲቆጠር ሦስት ወር ነው። ስለዚህ ሆርሞኑን አቁሚ፣ ከሦስት ወር በኋላ እናያለን አለቻት።

ኦሊምፒያ በመስከረም መጀመሪያ ማታ ማታ ክንዷ ላይ የምትቀባውን ቅባት መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

የመጀመሪያው ወር ላብ ሆነ። ቆዳ እየቆረጠች ሳለ ድንገት ፊቷ ይቀላል፣ አንገቷ ይርሳል፣ በሩን ወለል አድርጋ ትከፍታለች። እንቅልፏ ተበጣጠሰ፤ ሰውነቷ ዛለ። ከማዶ ያለችው ዶና ቬኔራንዳ ይህን ከሰገነቷ ላይ ሆና ታያለች። ዶና የምንላት ለአክብሮት ነው፤ ሰባ ሦስት ዓመቷ ነው፤ የሰፈሩ አንጋፋ ፌሚኒዬሎ እሷ ናት፤ ኦሊምፒያን ያሳደገቻት እሷ ናት ማለት ይቻላል። "እንኳን ደስ አለሽ ልጄ!" ብላ መንገዱ ሁሉ እንዲሰማ ጮኸች። "እኔን ቀድመሽ አረጥሽ።"

የገረማቸው ነገር ጢሟ አለመምጣቱ ነው። ኦሊምፒያ የፈራችው ጢሟን ነበር፤ ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት ቆማ በጣቷ ትዳብሳለች፤ ምንም የለም። ዕድሌ ነው አለች። ኤርሚኒያም እጆቿ ለሌላው ዕድል ሲሰጡ ኖረው ዛሬ ለራሷ አተረፉ አለቻት።

በታኅሣሥ፣ ገና ሳምንት ሲቀረው፣ ናሙናው ተመረመረ። አንድም ዘር የለም። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ውጤቱን ሰሙ። ዶክተር ሎፍሬዶ ግን ዓይኗ የደም ምርመራው ላይ ነበር፤ ደጋግማ አየችው። የወንዴው ሆርሞን መስከረም ላይ የነበረበት ነው። ዕጢዋም ዝም እንዳለች ናት። ቅባቱ ከቆመ ሦስት ወር ሆኖት ይህ ሊሆን አይገባም ነበር።

"ሌላ የምትውጪው ነገር አለ?" ብላ ጠየቀቻት።

"የለም።"

"ለራስ ምታት፣ ለእንቅልፍ፣ ማንኛውም ነገር?"

"ምንም። ያቺ የጢም ክኒኔ ብቻ ናት።"

ዶክተሯ ብዕሯን አስቀመጠች። "የምን ክኒን?"

ኦሊምፒያ በእጇ እያሳየች አስረዳቻት። ነጭ ናት፣ ትንሽ፣ መሃሏ የተሰመረ፤ በየቀኑ ግማሿን፤ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ። ለጢም ናት።

"እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ዶክተር፣ ምላጬንስ ነግሬዎት አውቃለሁ እንዴ?"

ኤርሚኒያ ሳቋ አመለጣት። የዶክተሯ ፊት እንዳልተፈታ ስታይ ግን አቋረጠችው።

ክኒኗ የጢም አልነበረችም። እንደ ቅባቱ ያቺኑ ዕጢ ዝም የምታሰኝ፣ በዚያ ላይ የቀረውን ጥቂት የወንዴ ሆርሞን መድረሻ የምታሳጣ መድኃኒት ናት። ጢሙ የቀረው ሆርሞኑ ስለቀረ ነው፤ የጢሙ መቅረት የክኒኗ ጥላ እንጂ ክኒኗ የቆመችለት ነገር አይደለም። ዘር ደግሞ ያለዚያ ሆርሞን አይበስልም። ኦሊምፒያ አንዱን በር ስትከፍት ሌላውን በየጠዋቱ በገዛ እጇ ትዘጋ ነበር። ያ ሁሉ ላብና ድካም የሁለቱም ሆርሞን ረሃብ ነው። ሦስቱ ወር ከንቱ ሄደ፤ ቆጠራው ዛሬ ይጀምራል አለች ዶክተሯ፤ ስትናገርም በራሷ የተናደደች ትመስል ነበር፤ ያልጠየቅኩት እኔ ነኝ አለች።

ከሐኪም ቤት በቀጥታ ዶና ቬኔራንዳ ዘንድ ወጡ። ክኒኗን ለኦሊምፒያ የሰጠቻት እሷ ናት፤ ለሰፈሩ ሁሉ የሰጠችው እሷ ናት። እሷም ከቀደመቻት ነው የተቀበለችው። በእነሱ ዘንድ ትምህርቱ አጭር ነው፣ አንዱ ለጡት፣ አንዷ ለጢም፤ ከዚህ በላይ ያስተማራቸው የለም፣ የጠየቀም የለም። መድኃኒት ቤቱ ውስጥ አንድ ወዳጅ ካለ ይበቃል።

ዶና ቬኔራንዳ ሁሉንም ሰማች። ከዚያ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ማንም ያልጠበቀውን ጠየቀች።

"የእኔስ? ትቼው ቢሆን ኖሮ ይነቃ ነበር?"

"አላውቅም፣ ዶና ቬኔራንዳ። ዶክተሯም ብትሆን የምታውቅ አይመስለኝም" አለቻት ኦሊምፒያ።

"እኔ ልጅ እንደማይሆንልኝ የተነገረኝ በሃያ ዓመቴ ነው። የነገረችኝም ስሟን መጻፍ የማትችል ሴት ናት" አለች። ቂም የለውም ድምፅዋ። የሌላ ሰው ታሪክ የምትናገር ትመስላለች። ከዚያ ተነስታ ከቁም ሣጥኑ የቀሩትን የክኒን እሽጎች አወጣች፤ ትራሷ ሥር ሸጎጠቻቸው፤ ኦሊምፒያ አንድ ቀን ጢሙ አንገፍግፏት ልትለምን ብትመጣ በመጥረጊያ እንደምትቀበላት ማለች።

ጢሙ የካቲት ላይ መጣ።

መጀመሪያ ከአገጯ ሥር፣ ቀጥሎ በጉንጮቿ። ጠዋት ትላጫለች፣ ከሰዓት በኋላ ይጠቁራል። የላቧ ሽታ ተለወጠ፤ ትራሷን ስታሸት የአባቷ ትራስ መሰላት፤ አውጥታ ደጃፍ ላይ ሰቀለችው። ጡቶቿ ሟሸሹ። ጨርቅ ቤት መሄድ ተወች፤ ክርና መርፌ ኤርሚኒያ ትገዛላት ጀመር። በሩን ገርበብ አድርጋ ትሠራለች፤ አንገቷ ላይ ያለውን ሻርፕ እስከ አፍንጫዋ ትስበዋለች። ቡና ቤቱ ደጃፍ ከሚቀመጡት ሽማግሌዎች አንዱ ለካርኒቫል፣ ለጭምብሉ በዓል፣ እየተዘጋጀሽ ነው ወይ ብሎ ጠየቃት። ለካርኒቫል ቢሆን ያንተን ፊት ነበር የማጠልቀው፣ እሱ ያስፈራል አለችው። መንገዱ ሳቀ። እሷ ግን ቤት ገብታ መስታወቱን ወደ ግድግዳው አዞረችው።

በመጋቢት ምርመራ እንደገና ምንም። ዶክተር ሎፍሬዶ ዕጢዋ እንደነቃች ነገረቻቸው፤ ሆርሞኑ ጨምሯል፣ ይህ መልካም ነው፤ ለዘሩ ግን ሦስት ወር ትንሹ ጊዜ ነው እንጂ ቀጠሮው አይደለም። ኤርሚኒያ አርባ ዓመት ሊሞላት ስድስት ሳምንት ቀርቷት ነበር። በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ ኦሊምፒያ የዶና ቬኔራንዳን ደረጃ ወጣች። እስከ ሁለተኛው ፎቅ ደርሳ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። እኔ ከላይ ስወርድ አገኘኋት፤ ምን ሆነሽ አልኳት፤ ጫማዬ ጠበበኝ አለች። ከዚያ ተነስታ ወረደች።

ከፋሲካ በኋላ ሎሬዳና መጣች። ሎሬዳና በሰፈሩ ጥግ አትክልት ትሸጣለች፤ ሴት ልጅ ከወለደች ሦስት ሳምንቷ ነው፤ ሕፃኗ መጀመሪያ ከቤት የወጣችው ያን ቀን ነው። በሩን በክርኗ ገፋ አድርጋ ገባች። እኔ የአክስቴን ጓንት ልወስድ መጥቼ እዚያው ቆሜ ነበር።

ኦሊምፒያ ከጠረጴዛው አልተነሳችም። "ሌላ ሰው ፈልጊ" አለች በሻርፑ ውስጥ። "ዶና ቬኔራንዳ ዘንድ ውጪ።"

"ሦስተኛ ፎቅ በዚህ አራስ ገላዬ? ለምን፣ አንቺ ምን ሆነሽ?"

ኦሊምፒያ ሻርፑን አወረደችው። ጢሟ ጠዋት የተላጨ ነበር፤ ጊዜው ደግሞ አሥር ሰዓት ሆኗል።

ሎሬዳና ሥጋ እንደሚገዛ ሰው ትኩር ብላ አየቻት። "እቺ ጢም ታውቃለች" አለች ሕፃኗን እያነሳች። "የአባቷ ካንቺ ይብሳል። እሱ ደግሞ እስከ ዛሬ አንድ ዕድል አላመጣልንም። እንኪ፣ እጄ ዝሏል።"

ኦሊምፒያ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ተቀበለቻት። ሕፃኗ በጉንጯ የኦሊምፒያን ጉንጭ ነካች፤ ፊቷን ጨመደደች፤ አስነጠሰች። ኦሊምፒያ ሌላ ጊዜ ሕፃን ስታቅፍ የምታዜመው ዜማ ነበራት፤ ያን ቀን አላዜመችም። በኋላ ስጠይቃት ስትቆጥር እንደነበር ነገረችኝ። ክኒኗን ከተወች መቶ አሥራ ሁለተኛው ቀን ነው። ከነዚያ እናት ህዋሶች አንዷ ባለፈው ወር ተነስታ ከሆነ አሁን የት ደርሳለች ብላ ታስብ ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሻርፑን ተወችው። ጢሟን ትላጫለች፣ ሲጠቁር ይጠቁራል።

በሰኔ ሦስተኛው ናሙና ተሰጠ። በማግሥቱ ዶክተር ሎፍሬዶ ራሷ ደውላ ኑ አለቻቸው፤ በስልክ ግን ምንም አልነገረቻቸውም። ላብራቶሪው ውስጥ አንድ ዝምተኛ ሰውዬ ከማይክሮስኮፑ ላይ ቀና ብሎ ወንበሩን ለኦሊምፒያ ለቀቀላት።

መጀመሪያ ያየችው ቆሻሻ የሚመስል ነገር ነው፤ ክብ ክብ፣ የማይንቀሳቀስ። ግማሽ መንገድ መጥተው የቀሩት ናቸው አላት ሰውዬው። ወደ ግራ ይበሉ አላት። ወደ ግራ አለች። አንዱ፣ ከሁሉም ያነሰው፣ ጭራ ነበረው። እየሄደ ነበር። ቀጥ ብሎ አይደለም፣ እንደ ሰካራም እየተወላገደ፤ ግን እየሄደ።

ኦሊምፒያ ለረጅም ጊዜ ቀና አላለችም። ኤርሚኒያ ትከሻዋን ይዛ ምንድነው፣ ምን አየሽ እያለች ትነቀንቃታለች። ይህን ስትነግረኝ እጇን ዘርግታ በጠረጴዛው ላይ አካሄዱን በጣቷ አሳየችኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ዝም ካለ ግድግዳ ሥር ተነስቶ የመጣ ነገር። እኔ ስለ ትንሣኤ ብዙ አንብቤአለሁ፤ እንዲህ የሚወላገድ ይሆናል ብዬ አልጠበቅኩም።

ሰውዬው ሙሉ ጠዋት ፈልጎ ያገኘው አሥራ አንድ ነው። ዶክተሯ ነገሩን ሳታሳምር ነገረቻቸው። በቤት፣ በተፈጥሮ መንገድ፣ በዚህ ቁጥር ልጅ አይጠበቅም። በላብራቶሪ ግን ለአንድ ዕንቁላል አንድ ዘር ይበቃል፤ አሁኑኑ ይቀዝቀዝና ይቀመጥ። ኦሊምፒያ ሦስት ወር ብትጨምር ሊበዙ ይችላሉ፤ ላይበዙም ይችላሉ። ወደ ቅባቱ ከተመለሰች ደግሞ መንገድ የጀመሩት ጥቂቶቹ ይደርሱ ይሆናል፣ ከዚያ እናቶቹ እንደገና ዝም ይላሉ። ሁለተኛ ይነቃሉ ብላ ግን ዋስ አትሆንም።

ኦሊምፒያ ሦስቱን ወር እጨምራለሁ አለች። አራት ወር ጢም ያበቀልኩት ለአሥራ አንድ ነው እንዴ አለች፤ ልትቀልድ ፈልጋ ነበር።

ኤርሚኒያ እጇን ያዘቻት። "አሥራ አንድ ናቸው። እኛ የምንፈልገው አንድ ነው" አለቻት። "መስታወቱን ካዞርሽው አራት ወር ሆነው። እኔ አይቼዋለሁ፣ አላየሁም እንዳትይኝ። ለልጁም ቢሆን አንቺ ታስፈልጊዋለሽ፣ እንዲህ ቀልጠሽ ሳይሆን።"

መሃል ላይ ተገናኙ። እስከ ሐምሌ መጨረሻ አራት ጊዜ ናሙና ትሰጣለች፤ የተገኘው ሁሉ ይቀመጣል፤ ከዚያ ወደ ቅባቷ ትመለሳለች። ክኒኗን በተመለከተ ዶክተር ሎፍሬዶ በራሷ እጅ ጽፋ፣ መጠኗን ቀንሳ ልትሰጣት ተስማሙ።

ለማስቀመጡ የሚፈረም ወረቀት ነበረ። በወረቀቱ ላይ መታወቂያው ላይ ያለው ስም ይጻፋል፤ የኦሊምፒያ መታወቂያ ደግሞ ገና አልተለወጠም፣ ስትወለድ የተሰጣት የወንድ ስም ነው ያለው። ያንን ስም ከጻፈችው ዘመን አልፎት ነበር። ብዕሩን ይዛ ፊደሉን ረስታው ሳይሆን እጇ እንቢ ብሏት ቆየች። ከዚያ ጻፈችው። ሁለት ጊዜ፣ በሁለት ወረቀት ላይ። የላብራቶሪውን ሰውዬ ዘሩ በሚቀመጥበት ቱቦ ላይም የሚለጠፈው ይኸው ስም እንደሆነ ጠየቀችው። አይደለም አላት፤ ቱቦው ላይ ስም አይጻፍም፣ ቁጥር ነው። ቁጥሩንም አሳያት፤ አምስት አኃዝ ነው። በሐምሌ መጨረሻ፣ ከቅዝቃዜው ብዛት ጉም በሚተፋው ገንዳ ውስጥ ሰባት ቀጫጭን ቱቦ ቁጥሩን ይዞ ገባ።

የኤርሚኒያ ቀጠሮ በጥቅምት ነው። እስከዚያ የሚታወቅ ነገር የለም፤ የመጀመሪያው ሙከራ ሊከሽፍ እንደሚችል ዶክተሯ ሁለት ጊዜ ነግራቸዋለች፣ እነሱም ሁለት ጊዜ ሰምተዋል። ኦሊምፒያ ከነሐሴ ጀምሮ ቅባቷን ትቀባለች። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል።

ሰፈሩ ሁሉንም ነገር ያውቃል፤ እሷው ናት የነገረችን፣ ስለ ጢሙም፣ ስለ ሰካራሙ አካሄድም። ያልነገረችን ያንን ቁጥር ብቻ ነው። በሰፈራችን ደግ ነገር ያየ ሰው በቁጥሩ ሎተሪ ይቆርጥበታል፤ ዶና ቬኔራንዳም በየቅዳሜው ትቆርጣለች፤ ሰባ ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ ቁጥር አጠገቧ አልፎ አያውቅም። በየሳምንቱ ከሰገነቷ ጎንበስ ብላ ትለምናታለች፤ አምስቱንም ባይሆን ሁለቱን አኃዝ ንገሪኝ፣ የደረሰኝን ለሁለት እንካፈላለን ትላታለች።

ኦሊምፒያ ቀና እንኳ አትልም። "ይሄ አይቆረጥበትም፣ ዶና ቬኔራንዳ" ትላታለች፤ ቆዳዋን መሳቧን ትቀጥላለች።